ባለ ሁለት ቀለሙ እንክብልና ጣሳው፦ በሰሜን ሸዋ ደጋ በአንድ ቤተሰብ ላይ የተመዘገበ የጉዳይ ጥናት

መነሻ

እኔ የፋርማሲ ባለሙያ ነኝ። ይህ ጉዳይ በተፈጸመበት በ2011 ዓ.ም. በሰሜን ሸዋ ዞን ደጋማ ክፍል በሚገኝ አንድ ጤና ጣቢያ የመድኃኒት ማደያ ውስጥ እሠራ ነበር። የጤና ጣቢያውን፣ የቀበሌውንና የሰዎቹን ስም ሆን ብዬ ትቻለሁ፤ ቤተሰቡ ታሪኩ እንዲጻፍ ሲፈቅድ ያስቀመጠው ቅድመ ሁኔታም ይኸው ነበር።

በጉዳዩ ማንም አልሞተም፣ ሆስፒታል የተኛም የለም። ለመመዝገብ የመረጥኩት ግን በሪፖርታችን ላይ «የግንዛቤ እጥረት» ብለን በሁለት ቃል የምናልፈው ነገር ከቤት ውስጥ ሆኖ ሲታይ ምን እንደሚመስል ስላሳየኝ ነው። በተጨማሪም ችግሩን አስተካክላለሁ ብዬ የሰጠሁት ምክር ራሱ ሁለት ወር ሳይሞላ ሌላ ችግር ወልዷል፤ እንዲህ ያለውን ደግሞ በስብሰባ ላይ አንናገረውም።

ቦታውና ቤተሰቡ

ከደብረ ብርሃን ወደ መንዝ የሚወጣውን መንገድ የሚያውቅ ሰው የአካባቢው ብርድ ሊገለጽለት አያስፈልግም። ከጥቅምት አጋማሽ እስከ ጥር ሌሊቱን ውርጭ ይወርዳል፣ ጠዋት ሣሩ ነጭ ሆኖ ያድራል። ቤቶቹ በድንጋይ የተሠሩና መስኮታቸው ጠባብ ነው፤ ማገዶው በአብዛኛው ኩበት በመሆኑ ጭሱ ከቤት ሳይወጣ ያመሻል። እንዲህ ባለ ቤት ሳል እንግዳ ነገር አይደለም፤ በተለይ በኅዳርና በታኅሣሥ ከልጆች አንዱ ሳይስል የሚያድርበት ሌሊት ጥቂት ነው።

ቤተሰቡ ገብስና ባቄላ የሚያመርት፣ በግም የሚያረባ የገበሬ ቤተሰብ ነው። በቤቱ ውስጥ ዕድሜያቸው ከ60 ዓመት ያለፈ አያት፣ ልጃቸው፣ ምራታቸውና ሦስት ልጆች ይኖራሉ፤ ትልቋ የ6 ዓመት ልጅ፣ ሁለተኛው የ4 ዓመት ወንድ ልጅ፣ ትንሿ ደግሞ ያኔ 7 ወር የሆናት ሕፃን ነበረች። ጤና ኬላው በእግር ግማሽ ሰዓት ያህል ሲርቅ፣ እኛ ያለንበት ጤና ጣቢያ ግን የሁለት ሰዓት መንገድ ነው። በቤቱ ውስጥ የሕክምና ነገር የሚወሰነው በአያቲቱ ነው። ፊደል አልቆጠሩም፤ የመድኃኒት ማሸጊያ ግን በቀለሙ፣ በመጠኑና በሚያሰማው ድምፅ ጭምር ለይተው ያውቃሉ።

ጉዳዩ ወደ እኛ የመጣበት መንገድ

ኅዳር 15 ቀን ቅዳሜ፣ በገበያው ዕለት፣ አያቲቱ ወደ መድኃኒት መስኮቱ መጡ። ከነጠላቸው ጫፍ ላይ የተቋጠረ ባዶ የእንክብል ማሸጊያ ፈትተው አሳዩኝ፤ አሞክሳሲሊን የተባለው ፀረ ባክቴሪያ (አንቲባዮቲክ) ማሸጊያ ነበር።

«ልጄ፣ ይህችን ባለ ሁለት ቀለሟን አንድ ማሸጊያ ስጠኝ። ለልጅ ነው፤ ብርድ መትቶታል።»

«ልጁስ የት አለ፣ እማማ?»

«ቤት ነው እንጂ! በዚህ ውርጭ ይዤው ልምጣ? ሐኪም አልፈለግሁም፤ መድኃኒቱን አውቀዋለሁ።»

ያለ ሐኪም ትእዛዝ ልሰጣቸው እንደማልችል፣ ልጁ መታየት እንዳለበት ነገርኳቸው። ከኋላቸው ረጅም ሰልፍ ነበርና ከዚህ በላይ ያልኩት ነገር የለም። ሕጉን መከተሌ ትክክል ነበር፤ ነገር ግን ሁለት ሰዓት በእግር የመጡ ሴት ባዶ እጃቸውን እንደማይመለሱ ማወቅ ነበረብኝ። ከገበያው መንገድ ዳር ካለ አንድ ሱቅ የፈለጉትን በዕለቱ ገዝተው ወደ ቤታቸው ሄዱ።

ከ9 ቀን በኋላ፣ ኅዳር 24 ቀን ሰኞ፣ እናትየው የ4 ዓመቱን ልጅ አዝላ መጣች፤ አያቲቱም አብረው ነበሩ። ልጁ ለአምስት ቀን ያህል ተቅማጥ ይዞታል። ጤና መኮንኑ ሲመረምረው ዓይኖቹ ጎድጉደዋል፣ ውኃ ሲሰጠው በጉጉት ይጠጣል፣ የሆዱ ቆዳ ተቆንጥጦ ሲለቀቅ ቀስ ብሎ ይመለሳል። በሰገራው ደም የለም። ትንፋሹ በደቂቃ 32 ነበር፤ ከአንድ እስከ አምስት ዓመት ላለ ልጅ 40 እና ከዚያ በላይ ሲሆን ነው ፈጣን የሚባለው።

የተሰጠውን መድኃኒት ስንጠይቅ ታሪኩ እንዲህ ነበር። ልጁ በሚካኤል ዕለት፣ ማለትም ኅዳር 12፣ ንፍጥና ሳል ጀመረው። ከኅዳር 15 ጀምሮ ለአዋቂ የተዘጋጀውን የ500 ሚሊ ግራም እንክብል ከፍተው፣ ዱቄቱን በዓይን ግምት ለሁለት ከፍለው፣ በሻይ በጥብጠው ጠዋትና ማታ ሰጡት። በገብርኤል ሳሉ ቀለለትና አቆሙ። በዚያው ሰሞን ተቅማጡ ጀመረ። አያቲቱም ተቅማጥን የሚያቆም ነው ብለው የሚያምኑትን ሌላ እንክብል ከቤት አውጥተው ለሁለት ቀን ጨመሩለት፤ ከገለጻቸውና በኋላ ከተገኘው ማሸጊያ እንደተረዳነው ቴትራሳይክሊን የተባለ ሌላ ፀረ ባክቴሪያ ነበር። ይህ መድኃኒት በማደግ ላይ ያለን ጥርስ ለዘለቄታው ስለሚያበልዝ ዕድሜያቸው ከ8 ዓመት በታች ለሆኑ ልጆች እንዳይሰጥ ይመከራል።

ተቅማጡን ያመጣው ምን እንደሆነ በእርግጠኝነት መናገር አልችልም፤ በእኛ ደረጃ የሰገራ ባክቴሪያ የሚያበቅል ላቦራቶሪ የለም። ሆኖም ተቅማጥ አሞክሳሲሊን በልጆች ላይ ከሚያስከትላቸው የታወቁ ጉዳቶች አንዱ ነው፤ የጊዜው ቅደም ተከተልም ከዚህ ጋር ይገጥማል።

የመጀመሪያው ሕክምናና የመጀመሪያው ቅሬታ

ለልጁ የታዘዘለት በ1 ሊትር ንጹሕ ውኃ የተበጠበጠ ሕይወት አድን ንጥረ ነገር (ኦ.አር.ኤስ.) በ4 ሰዓት ውስጥ በትንሽ በትንሹ እንዲጠጣ፣ ከዚያም ዚንክ በቀን 20 ሚሊ ግራም ለ10 ቀን እንዲወስድ ነው። ደም የሌለበት ተራ ተቅማጥ በፀረ ባክቴሪያ አይታከምም፤ የሚገድለው የፈሳሽ እጦት ነውና የሚታከመውም እርሱ ነው። ልጁ ከሰዓት በኋላ ዓይኑ ተመልሶ ዳቦ ጠየቀ።

አያቲቱ ግን ተቆጥተው ነበር። በመስኮቱ ሲያልፉ ቆም ብለው «አራት ሰዓት ሙሉ አስቀምጣችሁ ውኃ አጠጣችሁት እንጂ መድኃኒትማ አልሰጣችሁትም» አሉኝ። በእርሳቸው ዓይን መድኃኒት ማለት የሚዋጥ ወይም የሚወጋ ነገር ነው፤ የሚበጠበጥ ዱቄት እንደ መጠጥ እንጂ እንደ መድኃኒት አይቆጠርም። ይህን በሰማሁ ጊዜ ነው ወደ ቤታቸው ልሂድ ብዬ ከቀበሌው የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ጋር የተነጋገርኩት።

ጣሳው

ኅዳር 28 ቀን ዓርብ ወደ ቤታቸው ሄድን። ቡና ተፈላ፤ ስለ አዝመራው ተጫወትን። ያለዎትን መድኃኒት ሁሉ ቢያሳዩን ስንላቸው አያቲቱ ሳያቅማሙ ከመደቡ ራስጌ አንድ አሮጌ የዱቄት ወተት ጣሳ አወረዱ፤ ክዳኑ ዝጎ በጨርቅ ታስሯል። ይዘቱን በሰፌድ ላይ ዘረገፍነው።

አሞክሳሲሊን 11 ፍሬ፣ ቴትራሳይክሊን 9 ፍሬ፣ በጥርስ የተገመሰ ሲፕሮፍሎክሳሲን፣ ሜትሮኒዳዞል (እነዚህም ፀረ ባክቴሪያዎች ናቸው)፣ ደርቆ የተሰነጠቀ የዓይን ቅባት ቱቦ፣ ሁለት የፓራሲታሞል ፍሬ፣ ስሙ የማይነበብ ሽሮፕ ያለበት ጠርሙስ። እያንዳንዱ ከአንድ ሰው ሕመም የተረፈ ነበር። አያቲቱ እያንዳንዱን እያነሡ ታሪኩን ነገሩን፦ ይህ ልጃቸው ጥርሱን ሲያመው፣ ያኛው ምራታቸው ከወለደች በኋላ ሽንት ሲያቃጥላት፣ ይህ ደግሞ የጎረቤት ነው፤ «እርሷ ሲሻላት ለእኔ ሰጠችኝ» አሉ። ቴትራሳይክሊኑ ብዙ አገልግሎት ነበረው። ለተቅማጥ ይዋጣል፣ እንክብሉ ተከፍቶ በቁስል ላይ ይነሰነሳል፣ ዶሮዎች ፈንግል ሲይዛቸውም በሚጠጡት ውኃ ላይ ይበተናል። ፈንግል በቫይረስ የሚመጣ በሽታ ስለሆነ ይህ ለዶሮዎቹ የሚፈይደው ነገር የለም።

ከሁሉ የከበደኝ አሞክሳሲሊኑ የተቀመጠበት የወረቀት ፖስታ ነው። በላዩ ላይ «1 በቀን 3 ጊዜ» ተብሎ ተጽፏል፤ የእጅ ጽሑፉም የእኔ ነው። ለስንት ቀን እንደሚወሰድ አልጻፍኩም። ለምን እንደታዘዘ ስጠይቅ ምራቲቱ «ባለፈው ዓመት ጉንፋን ሲይዘኝ ከእናንተ ዘንድ የተሰጠኝ ነው» አለች። ስለዚህ ለጉንፋን አሞክሳሲሊን መውሰድን ለዚህ ቤት ያስተማረው ሱቁ ብቻ አልነበረም።

የቤተሰቡ እምነት ከምን ተሠራ

አያቲቱ በእንክብሉ የሚያምኑት ያለ ምክንያት አይደለም፤ ምክንያታቸውን ቁጭ ብሎ ለሰማ ሰው በተሞክሮ የተገነባ ነው።

አንደኛው ማስረጃቸው የቀን ስሌት ነው። ሕመምን የሚቆጥሩት በወር በዓላት ነው፦ በሚካኤል ያዘው፣ በሦስተኛው ቀን ሰጠሁት፣ በገብርኤል ተነሣ። ጉንፋን በቫይረስ የሚመጣ በመሆኑ በፀረ ባክቴሪያ አይድንም፤ አብዛኛውን ጊዜ በሁለተኛውና በሦስተኛው ቀን ይብስና በሳምንቱ ገደማ በራሱ ጊዜ ይለቃል፣ ሳሉ ግን ሁለትና ሦስት ሳምንት ሊቆይ ይችላል። ሰው መድኃኒት የሚፈልገው ሕመሙ በበረታበት ቀን ስለሆነ፣ ከዚያ በኋላ የሚመጣው መሻል ሁሉ ለመድኃኒቱ ይቆጠርለታል። በዚህ ዓይነት ስሌት እንክብሉ ፈጽሞ አይሸነፍም።

ሁለተኛው መከራከሪያቸው እኔን ዝም አሰኝቶኛል። «ለበሽተኛ ብቻ ነው ትለኛለህ፤ ለዓይን ብላችሁ ጤነኛውን ሁሉ በእንጨት እየለካችሁ ያጎረሳችሁን እናንተ አይደላችሁም?» አሉኝ። የሚሉት በትራኮማ መከላከል ዘመቻ ለማኅበረሰቡ በጅምላ የሚሰጠውን አዚትሮማይሲን የተባለ ፀረ ባክቴሪያ ነው፤ መጠኑ የሚወሰነው በቁመት መለኪያ ዘንግ ነው። ዘመቻው በቂ ምክንያት አለው፤ ትራኮማን የሚያመጣው ባክቴሪያ ምልክት በሌላቸው ሰዎች ላይም ስለሚገኝ በመንደሩ ያለውን ሁሉ በአንድ ጊዜ ማከም ያስፈልጋል። ነገር ግን ይህን ምክንያት ለአያቲቱ ያስረዳ ሰው አልነበረም። የቀረላቸው ትምህርት ይህ መድኃኒት ጤነኛንም አይጎዳም የሚል ነው።

ሦስተኛው ከቋንቋ የመጣ ነው። ልጃቸው «ይሄ አሞክሳሲሊን እኔን ለምዶኛል፤ አሁን ጠንከር ያለውን ነው የምፈልገው» አለኝ። በፖስተሮቻችንና በስልጠናዎቻችን «መድኃኒት መላመድ» የሚለው አነጋገር የሚለምደውን አካል ስለማይጠራ፣ አድማጩ ለምዶት ያረጀው የራሱ ሰውነት እንደሆነ አድርጎ ይወስደዋል። ከዚህም ሰውነቱ ያልለመደውን አዲስና ጠንካራ መድኃኒት መፈለግ ተገቢ ነው ወደሚል መደምደሚያ ይደርሳል፤ ይህም እኛ ልናስተላልፍ ካሰብነው ጋር ፍጹም ተቃራኒ ነው። የሚለምደው ባክቴሪያው ነው። የለመደው ባክቴሪያ ደግሞ በሕይወቱ አንድም እንክብል ውጦ ወደማያውቅ ሕፃን ሊተላለፍ ይችላል።

የተወሰዱ እርምጃዎች

በመጀመሪያው ጉብኝት ያደረግኩት ትምህርት መስጠት ነበር። ስለ ቫይረስና ባክቴሪያ ልዩነት ተናገርኩ። በዓለም ደረጃ በአንድ ዓመት ብቻ፣ በ2019 እ.ኤ.አ.፣ መድኃኒት በለመዱ ባክቴሪያዎች በቀጥታ ምክንያት 1.27 ሚሊዮን ያህል ሰው እንደሞተ የሚገመተው ጥናት ገና አልታተመም ነበር፤ ቢታተምም ኖሮ እጠቅሰው ነበር ብዬ እፈራለሁ። አያቲቱ በትሕትና አዳመጡኝ፣ ቡና ደገሙልኝ፣ ምንም አልጠየቁኝም።

ነገሩን ያነቃነቀው ልጃቸው ነው። ከበሩ አጠገብ ተቀምጦ ሲሰማ ቆይቶ «እንደ ቱ-ፎር-ዲ ማለትህ ነው?» አለ። ቱ-ፎር-ዲ ገበሬው በገብስና በስንዴ ማሳ ላይ የሚረጨው የአረም መድኃኒት ነው፤ ሰፋፊ ቅጠል ያለውን አረም ይገድላል፣ ሲናርን ግን አይነካም፤ ሲናር እንደ ገብሱ የሣር ወገን ነውና። በሲናር ላይ ቱ-ፎር-ዲ የረጨ ገበሬ ገንዘቡን አባክኗል፤ ሲናሩ በማግስቱም ቆሞ ያገኘዋል። አያቲቱ ወደ ልጃቸው ዘወር ብለው «ታዲያ ጉንፋን ሲናር ነው በለኛ» አሉ። እኔ በግማሽ ሰዓት ያላስረዳሁትን እናትና ልጅ በሁለት አረፍተ ነገር ጨረሱት።

ከዚያ ወደ ራሳቸው የቀን ስሌት ተመለስን። ስለ 6 ዓመቷ ልጅ ማንም ስላላነሣ እርሷንም ጉንፋኑ ይዟት እንደሆነ ጠየቅኩ። በሚካኤል ማግስት እርሷንም ይዟት ነበር። እንክብል ተሰጥቷታል? አልተሰጣትም፤ የተገዛው ለወንዱ ልጅ ብቻ የሚበቃ ስለነበር ዳማከሴ ተጨምቆላት ከበግ ጠባቂዎቹ ጋር ዋለች። መቼ ተሻላት? ምራቲቱ ጥቂት አስባ በገብርኤል ዕለት ከወንድሟ ጋር ቤተ ክርስቲያን መሄዷን አስታወሰች። የሁለት ልጆች ታሪክ ሳይንሳዊ ማስረጃ እንደማይሆን አውቃለሁ፤ ለአያቲቱ ግን በገዛ ቤታቸው፣ በገዛ ስሌታቸው የተገኘ ነበረና ለረጅም ጊዜ ዝም አሉ። ተቅማጥ የያዘውም እንክብሉን የወሰደው ብቻ መሆኑን ያነሡት ራሳቸው ናቸው።

ነገሩ የተፈጸመበት ወርም አንድ መንገድ ከፍቶልናል። በ1911 ዓ.ም. ኅዳር አገሩን የፈጀው «የኅዳር በሽታ» ከሁለቱ ልጆች ሕመም ልክ መቶ ዓመት በፊት የገባ ኢንፍሉዌንዛ ነበር፤ በኅዳር ሚካኤል ቆሻሻ የምናቃጥለውም በእርሱ መታሰቢያ ነው። አያቲቱ ከእናታቸው የሰሙትን ስለዚያ በሽታ ነገሩን፤ እኔም ያ በሽታ ቫይረስ መሆኑን፣ አሁንም ይህ ባለ ሁለት ቀለም እንክብል እንደማይገድለው ነገርኳቸው።

በጤና ጣቢያው በኩል ያደረግነው ለውጥ ቀላል ነው። በእያንዳንዱ የፀረ ባክቴሪያ ፖስታ ላይ የሚወሰድበትን የቀን ብዛትና የሚያበቃበትን ዕለት መጻፍ ጀመርን፤ ለብዙ እናቶች «ለ5 ቀን» ከማለት ይልቅ «እስከ ማርያም» ማለት ይቀላቸዋል። የተረፈ ካለ ወደ መስኮቱ እንዲመለስ ነገርን። ያለ ሐኪም ትእዛዝ የሚመጣን ሰው ዝም ብሎ ከመመለስ፣ ተራ ሳይጠብቅ ጤና መኮንኑ ዘንድ ገብቶ እንዲመከር ተስማማን።

ያልሠራው

ጥር 14 ቀን የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ደወለችልኝ። ትንሿ ሕፃን፣ ያን ጊዜ 9 ወር የሆናት፣ ከጥምቀት ዋዜማ ጀምሮ ትስላለች። ባለሙያዋ ወደ ቤቱ የገባችው ለሌላ ሥራ ነው፤ ሕፃኗን ስታይ አስቀምጣት ትንፋሿን ቆጠረች፤ በደቂቃ 58 ነበር። ከሁለት ወር እስከ አንድ ዓመት ላለ ሕፃን 50 እና ከዚያ በላይ ፈጣን ነው፤ ሳል ካለበት የሳንባ ምች ተብሎ ይታከማል። የአደጋ ምልክት አልነበረባትም፣ ትጠባ ነበር። በውኃ የሚሟሟ አሞክሳሲሊን ለ5 ቀን ከጤና ኬላው ተሰጣት፤ በሁለተኛው ቀን ስትታይ ትንፋሿ ቀንሶ ተገኘ፣ መድኃኒቷንም ጨርሳ ዳነች።

ለምን ቶሎ እንዳላመጧት ሲጠየቁ አያቲቱ የመለሱት እንዲህ ነው፦ «ለሳል አይሠራም ብሎ ያ የመድኃኒት ልጅ አስጠንቅቆን የለም? እኛማ ምክሩን ጠበቅን።»

ትክክል ናቸው። እንደዚያ ብያለሁ። በኅዳር ቤታቸው ተቀምጬ «ለጉንፋንና ለሳል ይህ መድኃኒት አይሠራም» ስል ለራሴ ግልጽ የመሰለኝ ነገር፣ በቤቱ ውስጥ «ሳል ሲመጣ ጤና ተቋም መሄድ አያስፈልግም» ሆኖ ተቀምጧል። ዘግይተው ቢቆዩ ኖሮ ምን ሊሆን እንደሚችል ለማንም የሙያ ባልደረባዬ መንገር አያስፈልገኝም። እናትየው በዚያው ሰሞን እንጥል የሚቆርጥ ሰው ዘንድ ልትወስዳት አስባ እንደነበርም በኋላ ነገረችን፤ ወደ ሕክምና የሚወስደውን በር ሳል በሚል ስም ስለዘጋሁባት ሌላ በር ፈልጋለች።

ከዚያ በኋላ የምክሩን ቅርጽ ቀየርነው። በሳሉ ላይ መናገር ትተን ስለ ደረቱ መናገር ጀመርን። እናትየዋና አያቲቱ ሕፃኗን ገልጠው የጤነኛ ልጅ ደረት በትንፋሽ ጊዜ እንዴት እንደሚንቀሳቀስ እንዲያዩ አደረግን፤ ትንፋሹ ከተቻኮለ፣ የጎኑ ሥጋ ወደ ውስጥ ከሰረጎደ፣ ጡት ከተወ፣ የበላውን ሁሉ ካስመለሰ ወይም ከፈዘዘ ያንኑ ዕለት እንዲያመጡ፤ ከእነዚህ አንዱም ከሌለ ደግሞ ፈሳሽ እየሰጡ፣ እያሞቁና ከጭስ እያራቁ እንዲጠብቁ። እናት ደቂቃ ቆጥራ ትንፋሽ እንድትለካ አንጠብቅም፤ ለውጡን በዓይኗ ማየት ግን ትችላለች። ይህን ለማሳየት የፈጀብን ጊዜ ስለ ቫይረስ ካወራሁት አጭር ነው።

ሌላም ያልሠራ ነገር አለ። የገበያው ሱቅ እንክብል መሸጡን አላቆመም። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112 እያለም፣ በገበያ ቀን በጨው ከረጢትና በባትሪ ድንጋይ መካከል የተሰቀለ ቴትራሳይክሊን ማግኘት አስቸጋሪ አልነበረም። ለወረዳው ያመለከትነው ማመልከቻ ወዴት እንደደረሰ አልተነገረንም።

ከጉዳዩ ለሌላ ቦታ የሚወሰደው

እንደ እኔ አስተያየት የዚህ ጉዳይ ትልቁ ትምህርት «አይሠራም» የሚለው ቃል ብቻውን ምክር አለመሆኑ ነው። እንክብል የሚጠይቅ ሰው ከእንክብሉ ጋር የሚፈልገው ሌላ ነገር አለው፦ ሕመሙ መቼ ይለቃል፣ ምን ሲሆን ልስጋ፣ እስከዚያ ምን ላድርግ። እነዚህን ሦስቱን በቀንና በምልክት ለይቶ የነገረ ባለሙያ መድኃኒት ባይሰጥም ባዶ እጁን አልመለሰውም። አያቲቱን በመጀመሪያው ቅዳሜ በመስኮቱ ሳነጋግራቸው ይህን ለመናገር ሁለት ደቂቃ ይበቃኝ ነበር።

የምክሩ ሌላው ገጽ ደግሞ ፀረ ባክቴሪያ የሚያስፈልግበትን ጊዜ እኩል አጉልቶ መናገር ነው። ለጉሮሮ ሕመም አብዛኛውን ጊዜ አያስፈልግም፤ ነገር ግን ስትሬፕቶኮከስ በተባለው ባክቴሪያ የሚመጣው የቶንሲል ሕመም ሳይታከም ሲቀር የልብን ቫልቭ የሚያበላሽ የሩማቲክ በሽታ ሊያስከትል ይችላል፤ በየወሩ የፔኒሲሊን መርፌ የሚወጉ ወጣቶችን በየጤና ተቋሙ የምናያቸው ለዚህ ነው። ከሁለት ሳምንት ያለፈ ሳልም የቲቢ ምርመራ ይፈልጋል፤ በዚህ መካከል እንደ ሲፕሮፍሎክሳሲን ያለ መድኃኒት እየቀያየሩ መውሰድ ሕመሙን ለጊዜው አለዝቦ ምርመራውን ሊያዘገይ ይችላል። ስለዚህ «ፀረ ባክቴሪያ አትውሰዱ» የሚል ዘመቻ እንደ «ፀረ ባክቴሪያ ውሰዱ» አደገኛ ነው። ለአገራችን ሕፃናት ትልቁ አደጋ አንዳንዴ የመድኃኒቱ መብዛት፣ አንዳንዴም ጨርሶ አለመድረሱ ነው፤ ሁለቱም በአንድ ቤት፣ በሁለት ወር ውስጥ ሊታዩ ይችላሉ።

ስለ ቃላት አጠቃቀምም አንድ ነገር ልጨምር። «መድኃኒት መላመድ» በሚለው ፋንታ «ባክቴሪያው መድኃኒቱን ለመደ» ብለን ባለቤቱን ብንጠራ ብዙ ክርክር ይቀርልናል። ምሳሌም ከተገኘ ከአድማጩ ሥራ ቢሆን ይመረጣል፤ የቱ-ፎር-ዲው ምሳሌ ግን አረም መድኃኒት ለማይረጭ የቆላ አርብቶ አደር ወይም ለከተማ ሰው ምንም አይነግርም፣ እዚያ ሌላ ሊፈለግለት ይገባል።

በመጨረሻም የራሳችን እጅ ጽሑፍ ነገር አለ። ጣሳዎቹ የሚሞሉት በሱቅ ብቻ አይደለም። ፓራሲታሞል ባለቀበት ሳምንት፣ ሰልፉ በረዘመበት ሰዓት፣ በሽተኛው እንዳይቀየም ተብሎ የሚጻፍ አሞክሳሲሊን አለ፤ እኔም ሳልጠይቅ አድያለሁ። ከዚያ ወዲህ የትእዛዝ ወረቀት ላይ «ጉንፋን» እና «አሞክሳሲሊን» አንድ ላይ ሳይ ወደ ምርመራ ክፍሉ እየሄድኩ እጠይቃለሁ። ጤና መኮንኖቹ መጀመሪያ ላይ አልወደዱትም፤ ከጊዜ በኋላ ግን አንዳንዱ ወረቀቱን ሳይከራከር ይቀይረው ጀመር።

የመጨረሻው ጉብኝት

ከዚያ ጤና ጣቢያ ከመዛወሬ በፊት፣ በ2011 ዓ.ም. ግንቦት፣ ያን ቤት ለመጨረሻ ጊዜ ጎበኘሁት። ልጆቹ ደህና ነበሩ። አያቲቱ ጣሳውን ሳልጠይቃቸው አውርደው ከፈቱልኝ፤ በውስጡ የጎመን ዘር በጨርቅ ተቋጥሮ፣ ከላዩ ሁለት የኦ.አር.ኤስ. ከረጢት ተቀምጦበታል። ከዘሩ ሥር ግን አንድ የተጠቀለለ ወረቀት ነበር። ሲፈቱት ሰባቱ ቴትራሳይክሊን ናቸው።

«ይሄ የሰው አይደለም፤ የዶሮ ነው» አሉኝ ቀድመው።

ፈንግልም ሲናር እንደሆነ ነገርኳቸው። ሳቁ፤ ወረቀቱን ግን መልሰው ጠቀለሉት። የቀበሌው የእንስሳት ጤና ባለሙያ የዶሮ ክትባት በሚቀጥለው ቅዳሜ ገበያ እንደሚያመጣ ቃል ገብቶላቸው ነበርና፣ እስከዚያ ይቆይልኝ አሉ።